ስልሳ አንድ

የቀበሌዋ ሶፊ ታብሌቷን አቅፋ በራችን ላይ የቆመችው ገና ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ ድሬ ላይ ሥራ ያለው ሰው ፀሐይን ካልቀደመ አይሆንለትም። የነዋሪ ምዝገባ ነው አለች። እናቴ፣ ወይዘሮ የሺመቤት፣ በረንዳውን ውኃ እየረጨች ነበር። ሶፊ ስሟንና ዕድሜዋን ጽፋ «ልጆችስ ስንት አሉዎት?» ስትላት እናቴ ጆጎዋን አስቀምጣ ቀና አለች። «ስንት ነው የምትይኝ? ልጅ ይቆጠራል እንዴ? ዳዊት እንኳን ሕዝቡን ቢቆጥር ሰባ ሺህ ሰው ነው በመቅሰፍት ያለቀበት። እኔ ስማቸውን ልንገርሽ፣ መቁጠሩ የራስሽ ጉዳይ ነው።» ሶፊ ሳቀች። «እሺ እማማ የሺ፣ ስማቸውን ይንገሩኝ።» እናቴም «ይሳቅ፣ ሲሞን፣ ማህደር፣ ቢታንያ» አለቻት። ሶፊ ታብሌቷን ነካ ነካ አድርጋ «አራት» ብላ አመስግና ወደ ጎረቤት ሄደች።

እኔ በሩ ውስጥ ሆኜ ጫማዬን እያሰርኩ ሁሉንም ሰምቻለሁ። ሦስት ነን ማለት ነበረብኝ። ይሳቅ ጅቡቲ ወደብ ይሠራል፣ ቢታንያ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ትሰፋለች፣ እኔ ማህደር እዚሁ ነኝ። ሲሞን ግን በዘጠና ስምንቱ ጎርፍ የደቻቱ ወንዝ የወሰደው ወንድሜ ነው፤ ያኔ እሱ ስምንት፣ እኔ አምስት ዓመታችን ነበር፣ አስከሬኑም አልተገኘም። በቤታችን ስለ ሲሞን አይወራም። ፎቶው አልተሰቀለም፣ ስሙ አይነሳም፣ ክረምት ሲገባና ደመና ከተራራው ላይ ሲከብድ እናቴ ዝም ትላለች፣ እኛም አብረናት ዝም እንላለን። ስሙን ከአፏ ከሰማሁ ዓመታት አልፈዋል፤ እና ዛሬ ተነስታ ለቀበሌ ታስመዘግበዋለች! ተናደድኩ፣ እውነቱን ለመናገር አፈርኩም። የተማርኩ ሰው ነኝ፣ የሌለን ሰው አለ ብሎ ማስጻፍ የውሸት መረጃ መስጠት ነው። «እማዬ...» ብዬ ጀመርኩና ፊቷን ሳየው ተውኩት። እሷም መርጨቷን ቀጠለች።

ድሮስ ከተኮራረፍን ሁለት ዓመታችን አይደል? የማስተርስ ጥናቴ በዝንጀሮ ላይ ነው። ከድሬ ወጣ ብሎ ሐርላ ካለው ገደል ላይ የሚያድሩት ዝንጀሮዎች ሲመሽ አንድ ትልቅ መንጋ ይሆናሉ፣ መንጋው ውስጥ ግን እያንዳንዱ ጎፈራም ወንድ ሚስቶቹንና ልጆቹን ይዞ ቤት ቤቱን ነው የሚኖረው። ከዚያ ተነስተን ቤተሰብ የሚባለውን ነገር የሰው ልጅ መቼና እንዴት እንደጀመረው እንጠይቃለን። ይህን ሁሉ ለእናቴ በስንት ትዕግሥት ሳስረዳት «እግዜር በአምሳሉ የፈጠረውን ሰው ከዝንጀሮ መጣ ልትይኝ ነው?» አለች። «ከዝንጀሮ አልመጣንም እማዬ፣ ዘመዳሞች ነን ነው የሚባለው» አልኳት። «በአባትሽ በኩል ይሆናል!» ብላ ጉዳዩን ዘጋችው። አባቴ ካሣ፣ ነፍሱን ይማርና፣ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር፤ ደረቱም ጀርባውም ጠጉራም ነበር። ለጽዋ ማኅበሯ ሴቶች ደግሞ ልጄ የእንስሳት ሐኪም ልትሆን ነው ብላ ነግራቸዋለች። አንዷማ ሆዱ የተነፋ በግ እየጎተተች በራችን ድረስ መጥታ ዓይን ዓይኔን ስታየኝ ነበር።

ዩኒቨርሲቲ ስደርስ ሦስት ሰዓት ሊሆን ነው። የተዋስኩትን የካሜራ ባትሪ ልመልስ ወደ አማካሪዬ ወደ ዶክተር ኃይለመለኮት ቢሮ ስጠጋ መስኮቱ ተከፍቷል፣ እሳቸው በስልክ ያወራሉ። «ሰውየው ተራራ አልወጣም እልሃለሁ! ቤቱ ቁጭ ብሎ ጫቱን እየቃመ ስልሳ አንድ፣ ስልሳ አንድ እያለ ነው ቅጹን የሞላው። የመስክ ክፍያው ከዛሬ ጀምሮ ይቁም። ስሙም ከጽሑፉ ላይ ይውጣ፣ መሳቂያ ነው የሚያደርገን።» ሰውየው ማን እንደሆነ ለማወቅ ጠንቋይ ቤት መሄድ አላስፈለገኝም። ኦቦ ኻሊፍ ነው፤ ሐርላ ያለው፣ ፍየሎችና ጥቂት ማሽላ ያለው ገበሬ፣ ገደሉን ከነመንገዱ ያሳየኝ ሰው። እኔ ለትምህርት አዲስ አበባ በሄድኩባቸው አምስት የበጋ ወራት በየቀኑ ገደሉ ሥር እየተቀመጠ ቅጼን የሞላልኝ እሱ ነው። ከመስኮት ሥር ቆሞ መስማት ስለማያምርብኝ አንኳኩቼ ገባሁ።

ዶክተር ክፉ ሰው አይደሉም። ጠንቃቃ ናቸው፣ መደርደሪያቸው ላይ የደረደሯቸውን የጄሶ ራስ ቅሎች እንኳን በየሳምንቱ በራሳቸው መሐረብ ይወለውላሉ። ኮምፒውተሩን ወደኔ አዞሩት። ከኅዳር አንድ እስከ መጋቢት ሠላሳ፣ መቶ ሃምሳ መስመር፣ መቶ ሃምሳውም ላይ ስልሳ አንድ። «ንገሪኝ እስቲ፣ በአምስት ወር አንድ ግልገል አይሞትም? ነብር አይበላም? ስልሳ ሁለት እንኳን አይሆንም?» አሉ። ቁጥሩን ኮምፒውተር ውስጥ ያስገባሁት ራሴ ነኝ። ይባስ ብዬ «መንጋው በበጋ አይቀንስም» የሚል ሙሉ ምዕራፍ ጽፌበታለሁ፣ በዚያ ምዕራፍም እንዴት ስኩራራ ነበር! ዶክተር ሰዓታቸውን አዩ። «ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁለቱ ገምጋሚዎች እዚህ ይመጣሉ። መልስ ካለሽ ይዘሽ ነይ። ከሌለሽ የበጋው መረጃ ይጣላል፣ አንቺም ሌላ በጋ ትጠብቂያለሽ።»

ወጥቼ በባጃጅ ወደ ሐረር መኪና ተራ ወረድኩ። የባጃጁ ልጅ መቶ ብር ሲለኝ «ወሪያ፣ እኔን እንግዳ አደረግከኝ?» ብዬ በሃምሳ አስማማሁት፤ ሲናደዱ መከራከር ይቀናል። ሚኒባሱ ውስጥ ከአንዲት ባለ ሐብሐብ አጠገብ ተቀምጬ መንገዱን ሙሉ ከኦቦ ኻሊፍ ጋር በሆዴ ተጣላሁ። አምኜው ነበር። ሲደክመኝ ውኃዬን የሚሸከምልኝ፣ እሾህ የሚያወጣልኝ ሰው በጥናቴ ይቀልድብኛል ብዬ እንዴት ልጠርጥር? ደግሞ ሌላው ሐሳቤ ይመጣና፣ ዋሽቶ ቢሆን እንኳን ጫቱን እየቃመ ብሎ ነገር ምን አመጣው፣ አዲስ አበባ ቢሮው ቁጭ ብሎ የሚቅመው ስንቱ ነው እላለሁ። ሴትየዋ ፊቴን አይታ አንድ ቁራጭ ሐብሐብ ሰጠችኝ። «ብይ፣ ከንፈርሽ ደርቋል» አለች። በላሁ።

ኦቦ ኻሊፍ ከጎጆው ጀርባ አጥር ያጥር ነበር። ድሬ ላይ አንቱታ ብርቅ ነው፤ በዕድሜ አባቴ ቢሆንም አንተ ነው የምለው፣ እሱም ኢንተላ ይለኛል፣ ልጅት ማለቱ ነው። ሰላምታውን እንኳን ሳላስጨርሰው «እውነቱን ንገረኝ፣ በበጋው ወጥተሃል ወይስ አልወጣህም?» አልኩት። እግሩን አንስቶ በረባሶውን አሳየኝ። «ሦስተኛው ነው። ሁለቱን ገደሉ በላቸው» አለ፤ መከፋቱ ከድምፁ ያስታውቃል። «ታዲያ ይሄ ሁሉ ስልሳ አንድ ምንድነው?» አልኩት።

«ያንቺ ነዋ» አለኝ።

«የኔ?»

«መጀመሪያ ቀን በጣትሽ እየጠቆምሽ ቆጠርሽ። እኔ ፊቴን አዞርኩ፣ አላየሽም? ነፍስ ያለው በጣት አይቆጠርም፣ ኢንተላ። ፍየሉን ጮኾ የሚቆጥር ሰው ለጅብ ነው የሚያስቆጥር። ወረቀትሽ ግን በየቀኑ ቁጥር አምጣ ይላል። እኔ ቁጥር ከየት አባቴ ላምጣ? ያንቺን ሰጠሁት። ኃጢአቱም ያንቺ ነው ወላሂ!» ብሎ ሳቀ። እኔ ሳቅ አልመጣልኝም። «ካልቆጠርክ ማን እንደጎደለ በምን ታውቃለህ?» ስለው አሁን እሱ ተራውን ተገረመ። «አንቺ ቤትሽ ስትገቢ እህትሽ አለመኖሯን ለማወቅ ቆጥረሽ ነው? እነዚህ እኮ ማሽላዬን እየበሉ ያደጉ ናቸው። አያታቸውን በድንጋይ ያባረርኩ እኔ ነኝ።» ጎጆው ገባና በፌስታል የተጠቀለሉ ሦስት የተማሪ ደብተሮች ይዞ ወጣ። በአፋን ኦሮሞ፣ በራሱ የፊደል አጣጣል፣ እያንዳንዱ ቀን ተጽፏል። ለዝንጀሮዎቹ የሰጣቸውን ስሞች አውቃቸዋለሁ፤ ጡረተኛው፣ ኮንትሮባንዱ፣ ሙሽራዋ፣ ባለ ሽርጡ። «ሙሽራዋ፣ ሂን ጂርቱ።» «የኮንትሮባንዱ ትንሹ ልጅ፣ ሂን ጂሩ።» ሂን ጂርቱ የለችም፣ ሂን ጂሩ የለም ማለት ነው። መቶ ሃምሳ ቀን ሙሉ ማን እንደሌለ፣ ከየትኛው ቤት እንደጎደለ፣ በስንተኛው ቀን እንደተመለሰ ወይም እንዳልተመለሰ ተጽፎ ተቀምጧል፤ ቅጼ ለዚህ የሚሆን ቦታ ስለሌለው ማንም አልጠየቀውም። እኔ ራሴ አልጠየቅኩትም።

ቁጭ አልኩ። «ከሞቱ በኋላስ ለምን ስልሳ አንድ ትላለህ?» አልኩት፤ ይሄ ብቻ አልገባኝም ነበር። ኦቦ ኻሊፍ የአጥሩን እንጨት እያሰረ፣ ለሕፃን እንደሚያስረዳ ቀስ ብሎ መለሰልኝ። «የሞተ ቢሞት ከቤቱ ወጣ እንዴ? ቤቱ ስልሳ አንድ ነው። የተወለደም አንድ ክረምት ካለፈው በኋላ ይገባል። እስከዚያ እሱም፣ የሌለውም በጎን ይጻፋል። እንዲህ ነው የሚያዝ።» ጠዋት በረንዳው ላይ ውኃ የምትረጨው እናቴ መጣችብኝ። ይሳቅ፣ ሲሞን፣ ማህደር፣ ቢታንያ። ሃያ ዓመት ሙሉ ዝም ያለችው የረሳችው መስሎኝ፣ ስሙን ስትጠራው ደግሞ ዋሸች ብዬ አፍሬባታለሁ። እንባዬ መጣ። ኦቦ ኻሊፍ የቢሮው ነገር ያስለቀሰኝ መስሎት «አይዞሽ፣ አብሬሽ እሄዳለሁ» ብሎ ንጹህ ሸሚዙን ሊቀይር ገባ።

ድሬ ስንመለስ ስምንት ሰዓት አልፏል፣ ከተማው እንደ ልማዱ ሱቁን ዘግቶ ተኝቷል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቢሮው ስንገባ ዶክተርና ሁለቱ ገምጋሚዎች ተቀምጠዋል፣ ማራገቢያው ሙቀቱን ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ያዞረዋል። ኦቦ ኻሊፍ ከሁሉ በፊት ዓይኑ የሄደው መደርደሪያው ላይ ነው። «ይሄ ማነው?» አለ አንዱን ራስ ቅል በአገጩ እያመለከተ። ዶክተር ያልጠበቁት ጥያቄ ሆኖባቸው «ሦስት ሚሊዮን ዓመት አልፎታል። እዚሁ አገራችን የተገኘ ነው» አሉ። «ዘመድ አለው?» ሲላቸው ትንሽ አሰቡና «ሁላችንም» ብለው መለሱ። ኦቦ ኻሊፍ ራሱን ነቀነቀ፣ ሐዘን ቤት እንደገባ ሰው ሆኖ በጸጥታ ተቀመጠ። እኔ ደብተሮቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኩና ያለውን ሁሉ ነገርኳቸው፤ ጥፋቱ የቅጹ፣ ቅጹም የኔ መሆኑን ጭምር።

«ታሪኩ ያምራል» አሉ ዶክተር። «ግን ደብተር ትናንትም ይጻፋል። እኔ ገደሉ ፊት ለፊት ያሰርኳት ካሜራ አለች፣ በበጋው አሥራ ሁለት ምሽት መንጋውን ሙሉ በሙሉ አንስታለች። ፎቶዎቹን ከኔ በቀር ያየ የለም። እስቲ ጥር ሃያን አንብቢ።» ገልጬ አነበብኩ፣ ባለ ሽርጡ ብቻ የለም። ዶክተር ፎቶውን ከፍተው በእስክሪብቶ ጫፍ እየነኩ ቆጠሩ፤ ኦቦ ኻሊፍ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ስልሳ። ከገምጋሚዎቹ አንዱ ወደ ፊት ተጠጋ። «መጋቢት ዘጠኝ» አሉ ዶክተር። ሦስት የሉም ብዬ አነበብኩ። ስልሳ አንድ ሲቀነስ ሦስት ስንት እንደሆነ የማያውቅ የለም። ዶክተር ቆጠሩ፣ ደግመው ቆጠሩ፣ ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁ። «ሃምሳ ዘጠኝ» አሉ። «አልገጠመም፣ ማህደር።» አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተሳሳተው ልል አፌን ስከፍት ኦቦ ኻሊፍ ከወንበሩ ተነስቶ ስክሪኑ ላይ አጎነበሰ።

«ይሄ የኛ አይደለም» አለ፣ ዳር ላይ ብቻውን ወደ ተቀመጠ አንድ ወንድ በአገጩ እያሳየ። «ጆሮው የተቀደደ። እንግዳ ነው፣ ሦስት ቀን አድሮ ሄዷል። ኢንተላ፣ ለምን ግማሹን ብቻ ታነቢያለሽ? ከሥሩ ጽፌዋለሁ እኮ!» አየሁት። እውነትም ከሦስቱ ስሞች ሥር፣ የገጹ መስመር ባለቀበት ቦታ፣ «ኬሱማ ቶኮ» ይላል፤ እንግዳ አንድ። ዶክተር ፎቶውን አጎሉት፣ እንደገና አጎሉት። ግራ ጆሮው ለሁለት ተከፍሏል። ከዚያ አንደኛው ገምጋሚ ሳቁን ለቀቀውና «ዶክተር፣ እርስዎ ቢቆጥሩ ኖሮ እንግዳውንም ዘመድ አድርገው ነበር የሚያስገቡት» አላቸው። የቀሩትን አሥሩን ፎቶዎች አንድ በአንድ አየናቸው፤ አሥሩም ገጠሙ።

ዶክተር ኃይለመለኮት እንግዲህ ጠንቃቃ ናቸው አላልኩም? ጥንቃቄያቸው ለራሳቸው ስህተትም ይሠራል። ተነስተው የራሳቸውን ባለ ጎማ ወንበር ለኦቦ ኻሊፍ ለቀቁለትና እኛው ፊት ስልክ ደወሉ። «ጠዋት ያልኩህን ተወው። ክፍያው ይቀጥላል። ስሙም ምስጋና ውስጥ አይደለም የሚገባው፣ ከጽሑፉ ርዕስ ሥር ነው፣ ከማህደር ስም ቀጥሎ።» ስልኩን ዘግተው ወደ ኦቦ ኻሊፍ ዞሩ። «አጥፍቻለሁ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አሉት። እሱ አንቱታው ከብዶት ወንበሩ ላይ ተቁነጠነጠና «ወንበርህ ይሽከረከራል፣ አቦ» አለ። ዶክተር ወደኔ ዞረው «መደምደሚያሽ ግን ተገለበጠ። መንጋው በበጋ ይቀንሳል። ምዕራፉን ከሥሩ ነው የምትጽፊው» አሉኝ። «ይገለበጥ!» አልኩ። እንዲህ ደስ ብሎኝ ተሳስቼ አላውቅም። ኦቦ ኻሊፍን እስከ መኪናው ሸኝቼ፣ ለልጆቹ የሚበላ ፈጢራ አስጠቅልዬ ሰጥቼው በእግሬ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ቤት ስደርስ አሥራ አንድ ሰዓት ሆኗል፣ የቀዚራ ሰፈር ዛፎች ጥላቸውን አስረዝመዋል። እናቴ በረንዳው ላይ ምስር ትለቅማለች። የቀበሌዋ ሶፊ ደግሞ ታብሌቷን ይዛ ደረጃው ላይ ቆማለች፣ ቀኑን ሙሉ ስትዞር ውላ ፊቷ ቀልቷል። ስታየኝ እፎይ አለች። «ማህደርዬ፣ ጎሽ መጣሽ። ሲስተሙ እምቢ አለኝ። የሲሞንን መታወቂያ ቁጥር አምጪ ይላል፣ እማማን ብጠይቃቸው አይመልሱልኝም። ልጆቹ ሦስት ናችሁ ወይስ አራት?» የእናቴ እጅ ትሪው ላይ ቆመ። ቀና ብላ አላየችኝም። የምስሩን ክምር ብቻ ታያለች፣ እኔ የምለውን እየጠበቀች መሆኑን ግን ከትከሻዋ አወቅኩ።

«አራት ነን» አልኳት። «ሲሞን ካሣ የለም። በዘጠና ስምንት፣ በጎርፉ። ታብሌትሽ ማስታወሻ የሚባል ቦታ የለውም?»

«አለው» አለች ሶፊ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«አራቱን አትንኪው። የሌለውን በጎን ጻፊው።»

ሶፊ ጻፈች። እግዜር ያጽናችሁ ልትል ፈልጋ ከሃያ ዓመት በኋላ ይባል አይባል ግራ ገብቷት ደህና አምሹ ብላ ሄደች። እኔ ቦርሳዬን አውርጄ ከእናቴ አጠገብ፣ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። እሷም ምስሯን መልቀሟን ቀጠለች። ጎረቤታችን ወይንሸት፣ ያቺ ባለ በጓ፣ በአጥሩ ላይ አንገቷን ብቅ አድርጋ «የሺዬ፣ ሐኪሟ ገባች እንዴ?» ስትላት እናቴ ሳትዞር «ሐኪም አይደለችም፣ ዝንጀሮ ነው የምታጠናው» አለቻት። የወይንሸት አንገት ተመልሶ ከአጥሩ ጀርባ ወረደ። እናቴ አንዲት ጠጠር ከምስሩ ነቅሳ ወደ ግቢው ወረወረችና በጉልበቷ ጉልበቴን ነካ አደረገችኝ።

«ዘመዶቻችንስ?» አለችኝ። «ሁሉም አሉ?»

ቁጥሩን ልነግራት አፌን ከፈትኩና ተውኩት። ከጡረተኛው ቤት ጀምሬ፣ ያሉትንም የሌሉትንም፣ በየስማቸው ነገርኳት።